አመድ አፋሾች

«እጄ አመድ አፋሽ ነው» ብሎ የሚያማርር፣
ውለታው ተበልቶ የሚብሰለሰል ሰው፣
ላንዛሮቴ ይምጣ፣ ከኛ ጋር ይደር፤
አመድ ምን እንደሆን በእጁ ይዳስሰው።

ምድር ስድስት ዓመት እሳት አቀርሽታ፣
ስንዴና አውድማውን ቀብራ ከነጎታ፣
ስትበርድ የተረፈው ጥቁር አመድ ነበር፣
ከተራራው አናት እስከ ባሕሩ ዳር።

የሐረጋችን ጫፍ፣ ኤውላሊያ የሚሏት፣
ጎረቤት በጀልባ ጓዙን ጭኖ ሲሸሽ
በአካፋ ጀመረች አመዱን ልታፍስ።
ሳቁባት ይላሉ።
ሦስት ክንድ ወርዳ የጥንቱን አፈር አገኘችው፤
እንደተኛ ሕፃን፣ ከብርድ ልብሱ ሥር፣ ላብ ላብ ብሎት።
አልቀሰቀሰችውም፤
አንዲት የወይን ቁራጭ ከጎኑ አስተኛችለት።
የወይኑ ሐረግና የኛ ሐረግ
ባንድ ጉድጓድ የተተከሉት ያን ቀን ነው።

የቤታችን ሕግ አጭር ነው፤ ለአንድ ወይን አንድ ጉድጓድ።
በአፉ ላይ የግማሽ ጨረቃ ካብ፣
ነፋስ በሚመጣበት በኩል፣ ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ።
ዝናብ እዚህ እንግዳ ነው፤ ቢመጣም አያድርም።
ሌሊት ግን ጤዛውን አመዱ ይጠጣል፣
ጠጥቶም አይክድም፤
ቀን ለሥሩ ይከፍላል፣ ጠብታ በጠብታ፣
እንደ ደህና ባለዕዳ።

አባቴ ሂኔስ ንግግር አይወድም።
ስለ ወይን ሲጠይቁት ስለ ድንጋይ ይመልሳል።
«ካብ ሲናድ መልሰው፤ ያልናድኸውም ቢሆን።»
ይኸው ነው ስብከቱ።
አንድ ግንድ በደህና ዓመት ሦስት ጠርሙስ፣
በክፉ ዓመት አንድ፤
የበረሃ አቧራ ባሕር ተሻግሮ
ሰማዩን ዱባ ባስመሰለ ዓመት፣ ምንም።
ምንም ባላፈራበት ዓመትም ግን ሄዶ ያየዋል፤
«የታመመ የሚጠየቀው ሊያበላህ ነው እንዴ?» ይላል።

ባለፈው ሐምሌ፣ ጎንበስ ብለን ስንለቅም፣
ፉልሄንሲዮ የሚባል ነጋዴ መጣ፣ ጫማው የሚያበራ።
ወረቀት ዘረጋ፦
ጉድጓዱ ይደልደል፣ ሽቦ ይወጠር፣ መኪና ይግባ፣
በአንዱ ቦታ አሥር ይተከል።
«ይሄን ሁሉ መሬት ባዶ ማስቀመጥ ኃጢአት ነው» አለ።

እውነቱን ልናገር፤ እኔ ጓሲማራ፣
ቁጥሩን ሳይ ልቤ ከነፈ።
የባንክ ዕዳ አለብን። ወንድሜ ዮናይ
ሆቴል ውስጥ የሰው አንሶላ ይቀይራል።
ወገቤንም እኔ አውቀዋለሁ።
እስክሪብቶውን ለአባቴ ያቀበልሁት እኔ ነኝ።

አባቴ ኪሱ ከተተውና
«መጀመሪያ ግባ» አለው፣ ጉድጓዱን እያሳየ።

ሰውየው ሳቀ፤ ገባ።
ጥቁሩ ጠጠር ተንሸራቶ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዋጠው።
እታች ነፋስ የለም።
ባርኔጣውን የያዘበት እጅ ሥራ ፈታ፣
ቀስ ብሎ ወረደ።
የወይኗ ቅጠል ጉልበቱን ነካው።
ዝም አለ፤ ዝም አልን።
ልውጣ ሲል አመዱ ከዳው፣
አንድ ሲራመድ ሁለት ተመለሰ።

አባቴ ተንበርክኮ እጁን ሰጠው።

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይባላል፣
ማን እንደሚገባበት አታውቅምና።
እኛ እናርቀዋለን፤
የሚገባው እንዲጠለል ነው የምንቆፍረው፣
ማንም ይሁን።

ፉልሄንሲዮ ጫማውን አራገፈ። አንድ ብርጭቆ ጠጣ።
«ጨው ጨው ይላል» አለ።
«ባሕሩ ነው» አለ አባቴ።
ሄደ።
ዕዳው አልሄደም።

ማታ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባው ላይ ስደምር ስቀንስ፣
አባቴ ያንኑ እስክሪብቶ አወጣና
በሣጥኑ ክዳን ላይ እንደ ልማዱ ጻፈ፦
ዓመቱን፣ የጉድጓዱን ቁጥር፣ የለቀመውን ሰው ስም።
የኔ ስም ነበር።
አኮረፍሁና ተኛሁ።

ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። አንድ ካብ ተንዷል፤
የናድሁት እኔ አይደለሁም።
መለስሁት።
ከድንጋዩ ሥር የተደፋውን አመድ በሁለት መዳፌ አፈስሁ፣
እጄን አየሁት፤

እርጥብ ነበር።