ከሕጉ የወጣ ጋዝ

መምህር ውብአየሁ፣ በማታው ክፍል ውስጥ፣
በጠመኔ ጉራጅ ነገሩን ሲገልጥ፣
«ሃሳባዊ ጋዝ» አለን፣ «ቦታ የማይፈጅ፣
ጠላት የማይገዛ፣ የማያበጅ ወዳጅ፣
ተጋጭቶ የማይጎዳ፣ ተለይቶ የማይናፍቅ፤
ፒቪ እኩል ኤንአርቲ፤ ሌላ አይጠየቅ።»

ቀን ጎሚስታ ነኝ፣ ቱሉ ዲምቱ መውጫ፤
ማታ ተማሪ ነኝ፣ ከጥጉ መቀመጫ።
ሕጉን አውቀዋለሁ፦ በጥቅምት ማለዳ
ጎማው ጎድሎ ሲያድር፣ ሳይኖረው ቀዳዳ፣
«ብርዱ ነው» ስለው ሾፌሩ ኩምሳ ይስቃል፤
አየሩ አለ እዚያው፣ ተኮራምቶ፤ ሲሞቀው ይነቃል።

ማታ ግን ኮዬ ፈጬ፣ ደረጃው ጨለማ፣
ሲሊንደር ተሸክሜ ሲንቦጫረቅ ስሰማ፦
ጋዝ ነው ያሉኝ ነገር፣
ቢጨናነቅበት፣ ፈሳሽ ሆኖ ተቃቅፎ ሊያድር።

ዓመት ሙሉ በሩን የዘጋ ጎረቤትም፣
ውሃ የጠፋ ለት፣ በጄሪካን ሰልፍ፣ በሌሊቱ ውርጭ፣
ትከሻው ትከሻዬን ነክቶ ጠየቀኝ ስም።

ፈተና ላይ መጣ፦
«ጋዝ መቼ ነው ከሕጉ የሚወጣ?»
«ሲጨናነቅ፣ ሲበርደው» አልኩ። ቀጠልኩ ሳልፈራ፦
«ብሎክ አርባ ሁለት፣ አራተኛ ፎቅ፣ የጄሪካን ተራ።»

ሁለት ከሁለት ሰጠኝ። ከግርጌው፣ በቀይ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«እኔ ሦስተኛ ነኝ። ቅዳሜ ውሃ ይመጣል ተብሏል።»