ረቡዕ አራት ሰዓት

ሜዳው ከሰማዩ በተሰፋበት ዳር፣
ነብራስካ ውስጥ፣ በበቆሎ ባሕር፣
ከእህል ጎተራው ጀርባ ቆሟል አንድ ምሰሶ፣
ቢጫ ጡሩምባውን እንደ ቆብ ለብሶ።
ዶብራ ይሏታል። ሦስት መቶ ነፍስ አላት፣
ሁለት ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ዳቦ ቤት፣
ደግሞም አንዲት ሴት፦
ሌኖራ ክራቶህቪል፣ መነጽሯ ወፍራም፣
ጣቷ የማይቸኩል፣ የማይዘገይም።

ወር በገባ ቁጥር፣ በፊተኛው ረቡዕ፣ አራት ሰዓት ሲሞላ፣
መዝገብ ትገልጣለች ከጠረጴዛው ኋላ፤
«ሙከራ ነው፣ አትደንግጡ» ብላ በራዲዮ ትናገራለች፣
ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣
ቁልፉን ትጫናለች።

ያኔ ያ ምሰሶ ከሆዱ ይጀምራል፣
ጥጃዋን እንዳጣች ላም ያጓራል፣
ከዚያ ከፍ፣ ከዚያ ከፍ፣ ጣሪያ ይሻገራል።
የፓስተሩ ውሻ አንገቱን ቀልሶ መዝሙር ይቀበላል፣
ዳቦ ጋጋሪው ግን
የግድግዳ ሰዓቱን በጣቱ ያርማል፤
«ይቺ ሰነፍ፣ ዛሬም ሁለት ደቂቃ» ይላል።

ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆች ከዴስክ ሥር ገብተው፣
ጭንቅላታቸውን በክንዳቸው ሸፍነው፤
ታቢታ ትቆጥራለች፦ ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ፣
የማን እንደሆነ የማይታወቅ ማስቲካ ታያለች ከእንጨቱ ሆድ።

በምሥራቅ በኩል ሌላ ምሰሶ አለ፣ ከመቃብሩ ጥግ ነው።
በያጁ ኤልዊን፣ ከልደቱ ጀምሮ ጆሮው የማይሰማው፣
ወር ጠብቆ ይሄዳል፣ ጓንቱን ያወልቃል፣
መዳፉን ብረቱ ላይ ዘርግቶ ይለጥፋል።
ንዝረቱ በክንዱ ወጥቶ ትከሻው ሲደርስ፣
በጭቃ ጫማው ቢሮ ድረስ
ሄዶ፣ አውራ ጣቱን ለሌኖራ አሳይቶ ይመለስ።

በሚያዝያ ግን ሄዶ መዳፉን ቢያኖርም፣
ብረቱ ቅዝቃዜ እንጂ ሌላ ነገር የለውም።
የምዕራቡን ሰምቶ ከተማው ሁለቱም ጮኹ ብሏል፤
አንዱ ዲዳ መሆኑን የማይሰማው ሰው ብቻ አውቋል።
ቨርሊን በመሰላል ወጥቶ ቢመለከት፣
በጡሩምባው ጉሮሮ ድንቢጥ ሠርታለች ቤት፦
አራት ዕንቁላል፣ ገለባ፣ የአሮጌ ካፖርት ክር፣
ከሥሩም አይጥ የበላው ሽቦ፣ ዝገት፣ አፈር።
ጎጆዋን በባርኔጣው ይዞ ወረደ፣
ከጎተራው መስኮት አኖራትና ሄደ።

ማታ ስለ ሞተሩ ዋጋ ስብሰባ ሆነ።
«ስልክ አለን ሁላችን» አለ አንድ ወጣት፤
«እርሻህ ላይ ኔትወርክ አለህ?» አለችው። ወደ መሬት
ተመለከተ። ገንዘቡ ጸደቀ በዚያው ሌሊት።

ከዚያ ሰኔ መጣ።
በፊተኛው ረቡዕ ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ፣
አየሩ እንደ እርጥብ ጋቢ ከበደ፣ ነፋሱ መነነ።
ሌኖራ ጣቷን ከቁልፉ አራቀች፣
ሕጉን ታውቃለች፦
ደመና በጠቆረ ቀን ሙከራ አይጮኽም፣
ሐሰቱ ከእውነቱ በድምፅ አይለይም።

አራት ከአምስት። አራት ከአሥር።
ዳቦ ጋጋሪው ሊጥ በእጁ ይዞ ብቅ አለ ከበር።
የፓስተሩ ውሻ አንገቱን ቀልሶ ጠበቀ፣
መዝሙሩ ሲቀርበት ጅራቱን ደበቀ።
ታቢታ ማንም ሳያዛት ከዴስኩ ሥር ገባች፣
የምትቆጥረው አጣች።

ኤልዊን ከመቃብሩ ጥግ መዳፉን አኖረ፤
ሞተሩ ዝም ብሏል፣ ብረቱ ግን ነዘረ፣
ከታች፣ ከመሬቱ፣ ከሩቅ ተንቀጠቀጠ፣
ኤልዊን ጓንቱን ጥሎ ወደ ቢሮው ሮጠ፣
የሚርድ መዳፉን ለሌኖራ ሰጠ።

እሷም ተጫነች። ይህኛው ሙከራ አልነበረም፣
ሦስት ደቂቃ ሙሉ ትንፋሽ አልወሰደም።
ግን መንገድ ላይ ቆሞ የሚሰማው የለም፤
ዝምታው ቀድሞ ጠርቷቸዋል፣
ባትሪ ይዘው፣ ውሻውን አቅፈው ምድር ቤት ተቀምጠዋል።

አውሎው በሰሜን አለፈ፣ የአንድ በረት ጣሪያ ወስዶ።
ሲመሽ፣ ሰዉ ሁሉ ቤት ሄዶ፣
በመዝገቡ ዓምድ የሌኖራ እርሳስ ታየ፦
«ሙከራ አልተደረገም። ምክንያት፦ ሰማይ።»
የዳቦ ጋጋሪውም ሰዓት፣ የሚያርመው አጥቶ፣
እስከ ሐምሌ ድረስ ሁለት ደቂቃ ዘገየ።