የዓሣ ጆሮ

ኅዳር ተጋምሶ፣ ፀሐይ ትሮምሶን ስትሰናበት፣
እኔ ምድር ቤት ነበርሁ፣ ከሰርቨሮቹ ጩኸት።
ሃልዲስን አላውቃትም፤ የማውቀው ቁጥሯን ነበር፦
አርባ ሁለት ሺህ ሦስት፣ «ያልተፈታ ችግር»።

«ሌሊቱን ይዘጋል» ብዬ ለዩኒቨርሲቲው ሁሉ ላክሁ፤
መልስ የሰጠ አልነበረም፤ ዝምታን እሺታ አልሁ።

በማግስቱ፣ ጠዋት በሚሉት ጨለማ፣
ወረደች ወደ እኔ፣ በረዶ ባዘለ ቦት ጫማ።
የማቀዝቀዣዋ የሙቀት መዝገብ፣ በእኔ መዝጋት፣
ዘጠኝ ሰዓት ጎድሎታል።
ስድብ ጠበቅሁ። እሷ መዳፌን ገልጣ
ባቄላ የምታህል ድንጋይ አኖረችበት።

«ከኮድ ዓሣ ጆሮ የወጣች ናት፤ ቀለበቷን ቁጠር፤
በዓመት አንድ ነው።»
አሥራ አንድ ነበር።
«ይህ ዓሣ ባሕሩን አሥራ አንድ ዓመት ሰምቷል።
አንተስ?»
ምን ልበል? የእኔው ጆሮ ስድስት ዓመት ዳባ ለብሷል።

አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበር።
መረቡን ሳይጥል፣ ቀዝፎ ከጎረቤት ጀልባ፣
«የት ጣላችሁ?» ይል ነበር፣ ክር በክር እንዳይገባ።
እኔም መረብ ዘርጊ ነኝ፤ ግን ጠይቄ አላውቅም፤
የስንቱን ሌሊት እንደ ጠለፍሁ አልቆጠርሁም።

ዛሬ ከመዝጋቴ በፊት ሦስት ፎቅ እወጣለሁ።
«ማክሰኞ» ስላት «ሐሙስ»፤
«ሐሙስ» ስላት «ናሙናዬስ?»

ትናንት ተጣልተናል፤ ገና አልታረቅንም፤
ድንጋይዋ ከኪቦርዴ አጠገብ ናት፤ አልመለስሁላትም።
ያ ቁጥሯ ስንት ነበር? አርባ ምናምን... ረሳሁት።
ስልኳን ግን በቃሌ ነው የያዝሁት።