ነፋስ መግቢያው

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቤታችን መኪና፣
ሰኞ ባቲ ገብተን፣ ሐይቅ ላይ እንደገና፤
ድሪያና ሽርጡን ከጣራ ላይ ጭነን፣
የኋላ ወንበሯን ነቅለን አልጋ አስገብተን፣
ከመሸ ከመንገድ ዳር መብራት አጥፍተን።

ታዲያ ጩኸቷ ነው፣ ጩኸቷ ነው ጣጣ።
ሐረጎን ስንወጣ፣ ንፋሱ ሲቆጣ፣
በበሩ ስንጥቅ ላይ ያፏጫል፣ ይገባል፣
ፖርቶመጋላው ላይ ዋሽንቱን ይነፋል፣
አስፋልቱ ከእግር ሥር እንደ ወፍጮ ያጓራል፣
ባዶ ጄሪካኑ ከበሮ ይመታል።

ጦይባ ከጎኔ ታወራለች ለእኔ፤
አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ በዓይኔ፤
ድምጿ ግን የነፋስ፣ የጎማ ነው ድርሻው፤
ራሴን ነቅንቄ «አዎ» ነው መልሴ፣ «እሺ» ነው መጨረሻው።

ባልና ሚስት መሀል ነፋስ ገባ ሲሉ ተጣሉ ማለት ነው፤
እኛ ተጣልተን አናውቅም። ነፋሱ ግን ይኸው ነው።

ዘንድሮ ወሰድኳት፣ ሸዋበር፣ አበጋዝ ጋ፣
ወንበር የሚሰፋው፣ አንድ ጆሮው የተዘጋ።
ላሜራዋን ሁሉ በጥፍሩ አንኳኩቶ፣
ደህናውን ጆሮውን ከበሯ አስጠግቶ፣
«ድምፅ እንደ ውኃ ነው» አለኝ፣ «የመርፌ ቀዳዳ ይበቃዋል፤
አንተ ትልቁን በር ስትዘጋ በትንሹ ይመጣል።»

ያረጀውን ጎሚኒ ልጦ አዲስ ገጠመላት፤
ወለሏን ሬንጅ ቀብቶ ከመነዳሪ ለጠፈላት፤
ከፓራፋንጎው ውስጥ፣ ጠጠር በሚጮኽበት፣
የእናቴን አሮጌ ዝተት በማስቲሽ ጎዘጎዘበት።
(ብል በልቶት ነበር፤ የተረፈውን ድምፅ ይብላ።)
ፖርቶመጋላውንም አወረድነው ኋላ።
ሂሳቡን ስሰማ የመጮኽ ተራው የኔ ሆነ።

እሑድ ወጣን። ሐረጎ፣ ቁልቁለት።
ባሕር ዛፉ ይወዛወዛል፣ ድምፁ ግን የለበት።
ከመስታወት ማዶ የሌላ አገር ነፋስ።
የእጅ ሰዓቴን ሰማሁ። የጦይባን እስትንፋስ።

ገርባን ስናልፍ ነው፣ እጇን ጭኗ ላይ አኑራ፣
ቀስ ብላ ጠየቀችኝ (መጮኽ ምን ሊሠራ!)፦
«ያን ጊዜ ውርጌሳ፣ ዝናብ ላይ ያልኩህን
ሰምተህ ነበር ወይ? ‹አዎ› ስትለኝ፣ የምርህን?»

የቱን? በስንተኛው ዓመት? ውርጌሳ ስንት ጊዜ ዘነበ?
ስንት «አዎ» በትኛለሁ፣ ነፋስ የሰበሰበ?
የእህቴን ልጅ እናሳድግ ነው ያለችኝ? ሞቶባት ነበር ሰው?
ወይ ልሂድ ብላኝ፣ እኔም እሺ ብያት፣ ቀርታ ነው?

«ድገሚልኝ» ልል አፌን ስከፍት ምላሴ ደረቀ፤
ጣቴ ማንሻውን አዞረ፣ መስታወቱ ጥቂት ፈቀቀ።
ፊ... አለ ነፋሱ፣ የድሮ ባልንጀራ።

ጦይባ ክንዷን ዘርግታ፣ በደረቴ ተሻግራ፣
ዘጋችው። እጇን ግን ከማንሻው አላነሳች።
ባቲ ገና ሩቅ ነው። ጦይባ ትጠብቃለች።