ሃያ፥ ሃምሳ

ጦሳ ጉም ደርቦ፥ ከተማው ሳይነቃ፥
ፔጆዬን ሳስነሳት፥ ሆዷ አለኝ ቋ ቋ።
ቋ ቋ አለች፥ ቆየች፤ ሰማያዊ ጭሷን
አጥሩ ላይ ዘርግታ፥ አሳየችኝ ነፍሷን።

አርብ ገዢ አለኝ፥ ከሐይቅ የሚመጣ፥
ሁለት በሬ ሸጦ፥ ከሞፈር የወጣ።
ስሙ አረቡ ይመር፤ በስልክ ሲያናግረኝ
«ጤነኛ ናት?» ብሎ፥ አንዴ ብቻ ጠየቀኝ፤
እኔም «ናት» አልኩና፥ ምላሴ መረረኝ።

ፒያሳ ወርጄ፥ ዘይት ቤት ብገባ፥
ቁጥሩ ተኮልኩሏል፥ ከአምስት እስከ አርባ፤
አንዱ እንደ ውሃ ቀጭን፥ አንዱ እንደ ማር ወፍራም፥
አንዱ ባለ ወርቅ ቆብ፥ ዋጋው የማይራራም።

አንዋር፥ ሻጩ ልጅ፥ ጠጋ አለና ሳቀ፤
«ልትሸጣት ነው?» አለኝ፤ ከፊቴ አወቀ።
«እንግዲያ ሃምሳ ውሰድ፥ ድፍኑን፥ ወፍራሙን፥
ማወፈሪያም ጨምር፥ ይደፍናል ሕመሙን።
ሁለት ሳምንት ሙሉ፥ ድመት ትሆናለች፤
ከዚያ በኋላማ፥ የሰውየው ነች።»

ይህን ዘዴ አውቃለሁ።
ከአራት ወር በፊት ወልድያ ላይ ስገዛት
እኔም ዘንድ ድመት ነበረች።
ብሬን ቆጥሬ፥ ተመርቄ፥ መሪ ጨብጬ
መርሳ ስደርስ አስታወሰች።
መርሳ ላይ የሚያስታውስ ከእሷ ሌላ አላውቅም።

ለልጁ ሳልመልስለት ሐረጎን ቁልቁል ያዝኩ፥
ጆሮዬ እስኪደፈን፥ ፍሬኑ እስኪሸተኝ።
ኮምቦልቻ፥ ከቦርከና ድልድይ ማዶ፥ የሙሄ ጋራዥ አለ።
ሙሄ ሰላምታ የሚጀምረው ከሞተር ነው።
ኮፋኖውን ከፈተ፥ የዘይት መለኪያውን መዘዘ፥
ጠብታውን በሁለት ጣቱ መሀል አሸ፥
አሸተተ፥ ወደ ፀሐይ ያዘ።
ከዚያ ጠየቀኝ፥ ዘር እንደሚቆጥር አማት፦
«ስንት ዓመቷ ነው? በሺህ ኪሎ ሜትር ስንት ትጠጣለች?
ጭሷ ጠዋት ብቻ ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ?
የምታድረው የት፥ የምትውለው የት?»

«የምታድረው ደሴ፤ የምትውለው እዚህ፥ አንዳንዴም ባቲ።»

«አብሽር» አለ ሙሄ።
«ፊተኛው ቁጥር ጠዋት ነው። ደሴ ነው።
ብርዱ ሳያረጋው ዘይቱ ሽቅብ የሚሮጥበት።
ኋለኛው ቀትር ነው። ባቲ ነው።
ግለቱ ሲያቀልጠው ብረትና ብረት መሀል የሚቆምበት።
ቀጭኑ ዘይት ለጠባብ፥ ለአዲስ ሞተር ነው፤
የእሷ ኩሽኔት ሰፍቷል፥ ጓርኒሲዮኗ ደርቋል፥
በየስፌቷ ያልባታል።
ድፍኑ ሃምሳ ደግሞ ማለዳ ከአልጋው አይነሳም፤
እሱ እስኪደርስ ብረቷ በደረቁ ይፋጫል።
ሳሏን አፍኖ ሳንባዋን ይበላል።
ሃያ ሃምሳ ስጣት፥ ተራውን። ፊልትሮዋን ቀይር።
በየሦስት ሺው አውጣና አድስ።
ቋ ቋው ግን አይጠፋም፥ ፋሻዋ ደክሟል።
ዘይት ነው እንጂ ጠበል አይደለም።»

የወልድያው ሰውዬ ዘይት ሳፋው ላይ ወረደ፥
እንደ ሬንጅ ጠቁሮ፥ እየተጎተተ፥ ሳይቸኩል።
ሙሄና እኔ እስኪያልቅ ድረስ አየነው።

አርብ፥ ከጁምዓ መልስ፥ አረቡ መጣ፤
ገንዘቡ በፌስታል፥ ፌስታሉ በጋቢ።
ሞተሯን ሆን ብዬ አቀዝቅዤ ቆየሁት።
«ስማት» አልኩ፥ ቁልፉን ጠመዘዝኩ።
ቋ ቋ።
ዝም አለ። ጭሱ አጥሩን ተሻግሮ እስኪያልቅ ዝም አለ።
በስልክ ያልኩትን አስታውሶ ቀና ብሎ አየኝ፤
እኔ ጎማዋን አየሁ።
ከፌስታሉ የአንዱን በሬ ዋጋ ነጥሎ
ወደ ኪሱ መለሰ፥ የቀረውን ሰጠኝ።
ከዚያ እስክሪብቶ ለመነኝ፥ መዳፉን ዘረጋ፥
«የምትጠጣው ምን ነበር?»

ሃያ፥ አልኩት። ሃምሳ።

ላብ እንዳያጠፋው መዳፉን እፍ እያለ
በሌላው እጁ መሪ ይዞ፥
በሐይቅ መንገድ ሄደ።