ሰባት ቁጥር

ከመቀበያው ጀርባ በቀይ የተጻፈ፣
ግማሹ ፊደሉ በሙቀት የረገፈ፣
«ከተደሰቱ ለሌሎች፣ ቅር ካልዎት ለእኛ» ይላል፤
እስክሪብቶው በሲባጎ ታስሮ ከደብተሩ ጋር ይውላል።
እኔን ደግሞ፣ እንዳጋጣሚ፣ ቅርም ደስም አለኝ፤
ለማን እንደምናገር ግራ ገባኝ።

ሥራዬ ሚዛን መፈተሽ ነው፤ ኪሎን በኪሎ መመዘን፣
ሽንኩርት ሻጭ ገና ሲያየኝ ፊቱን ይለብሰዋል ሐዘን።
እዚህም ከፊራን ሁለት ቀን፣ አሸዋን አንድ ቀን ዞርኩ፤
አርባ አንድ ሚዛን ፈትሼ ዐሥራ ስምንቱን አሸግኩ።
ከተማ ለከተማ ስል ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ፤
ስንቱ አልጋ ጀርባዬን አወቀው፣ ስንቱ ትኋን በላኝ!
እናም በግምት አልጽፍም።

ክፍል ሰባት። ከዚራ፤ ከባቡር ጣቢያው እልፍ ብሎ።
ኪራዩ አራት መቶ ብር፣ «ሻወር ያለው» ተብሎ።
(ሻወሩስ አለ። ውሃው ነው የሌለ።)
መስታወቱ ከመሀል ስለተከፈለ፣
ጢሜን በሁለት ዙር፣ ግራና ቀኝ፣ ተላጨሁ።
አንሶላው ንጹሕ ነው፣ ግን አጭር፤ እግሬን ሳለብስ ደረቴ፣
ደረቴን ስሸፍን እግሬ...
ድሬ ላይ፣ በግንቦት፣ ማን ይለብሳል በሞቴ?
ይህን ቅሬታ ሰርዤዋለሁ።

ማራገቢያው ሦስት ፍጥነት አለው፣ እንደ ማዞሪያው ቃል፤
አንዱ ዝም ይላል፣ አንዱ ያጓራል፣
ሦስተኛው ጎረቤት ይቀሰቅሳል።
መስኮቱ ባጃጅ ተራ ላይ ነው፤ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
«ሳቢያን! ሳቢያን! አንድ ሰው!» ይላል አንድ ጎረምሳ፤ ያ አንድ
ሰው ግን እስከ ሁለት ሰዓት አልመጣም።

«ውሃስ?» አልኳት ኢፍቱን፣ ቁልፍ ስትሰጠኝ በመጣሁ ዕለት።
«ይመጣል።»
«መቼ?»
«ሲመጣ ይነግሩዎታል፤ ይተኙበት።»

ተኛሁበት።

ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በሩ ተንኳኳ፤
ዘበኛው ወርሰሜ ነው፤ በባትሪው ቂጥ ይመታል ለካ።
«ቢዮ! ቢሻን! ውሃ!» ይላል፣ ለየበሩ በየቋንቋው፤
የትኛው በር በምን እንደሚከፈት እሱ ነው የሚያውቀው።
ወጣን። በሽርጥ፣ በነጠላ፣ አንዱም በፎጣ ብቻ፤
ግቢው ውስጥ አንዲት ቧንቧ፣ የሁላችን መሟገቻ።
ሙግት ስጠብቅ ቆምኩ፤ ባልዲዬን አጥብቄ።
የጅቡቲ መስመር ሹፌር ሁላችንን ቀድሞ ነበረ፤
እግሩ በጄሶ የታሰረ ልጅ ያዘለች ሴት ሲያይ፣
ጄሪካኗን ሞልቶ ሰጣትና ሰልፉን ከኋላ ጀመረ።
ወርሰሜም አንድ ባልዲ ሙሉ ከአምስት ቁጥር ደጃፍ አኖረ፤
«እንቅልፋቸው ከባድ ነው» አለ፤ ከዚህ በላይ አልተናገረ።

ከዚያ ማንም ወደ ክፍሉ አልተመለሰም።
ፍራሽ በትከሻ፣ ወደ ጣሪያ። ከደቻቱ በኩል ነፋስ።
(እሱም ሦስት ፍጥነት አለው፤ ሦስቱም ይሠራሉ።)
ሹፌሩ ሐብሐብ ሰነጠቀ፤
ልጁ ጄሶውን ረስቶ፣ ፍሬውን ወደ ጎረቤት ቆርቆሮ በመትፋት
ሁላችንንም ረታን።
ስንት ኪሎ ነበር ሐብሐቡ? አልመዘንኩም።
እንዲህ ስሆን የመጀመሪያዬ ነው።

ጠዋት ሒሳብ ስከፍል ኢፍቱ ሃምሳ ብር መለሰች፤
«ሻወሩ አልሠራም አይደል? ሻወር የሌለው ሦስት መቶ ሃምሳ ነው» አለች።
እኔ አልጠየቅኳትም።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ከመርካቶ እስከ ጎዴ፣
ሚዛን ወደ ገዢ ሲያጋድል አላየሁም አንዴ።

ስለዚህ ለባለቤቱ፣ ያለ ማኅተም፣ በእጄ ጽሑፍ፦
ሚዛናችሁ ልክ አይደለም።
ያጋደለው ወደ እንግዳው ነው።
አላሽገውም።

«ለሌሎች ይንገሩ» ያላችሁትን ግን፣ ይቅርታ፣ አላደርግም፤
በሰኔ ስመለስ ሰባት ቁጥር ተይዛ ማግኘት አልፈልግም።

ሽታሁን፣ ከሚዛን ፍተሻ

(ሳሙናውን አስቡበት። ጥፍሬን ነው የሚያህለው።)