ወንበር ውስጥ ያለ በር

አሥር ዓመት ሙሉ ጉባኤ ደግሼ፣
የእንግዳ ስም ሁሉ አንገት ላይ አልብሼ፣
ጭብጨባ የሚወድቅበትን ደቂቃ
በእርሳስ አስልቼ፣ ሳይመሽ እንዲያበቃ፣
ማታ ስጠርግ ግን ከወንበሮቹ ሥር
የማገኘው ነገር
«ከዛሬ ጀምሮ…» የሚል ወረቀት ነው፣
ጫማ የረገጠው፣ ሰናፍጭ የነካው።
ያኔ ነው የገባኝ፦
ቃል ይገባል እንጂ፣ ከአዳራሽ አይወጣም።

ጌንት ከተማ፣ ቦዩ በሚታጠፍበት፣
ድሮ ጥጥ ፈታዮች በሚኖሩበት፣
ሁለት ግቢ አለ፣ መሃሉ የብረት በር።
ብስክሌት ጠፍቶ፣ ስም ተጠርቶ ነበር።
ሌባው እስከዛሬ ማን እንደሁ ሳይለይ
በሩ ተቆለፈ ከጠብ በላይ።
አሥራ አንድ ዓመት ዝገት ቁልፉን በላ።

የከንቲባው ቢሮ ጻፈ፦ «የውይይት ምሽት።
ሦስት ተናጋሪ። ሙዚቃ። መጠነኛ በጀት።»
አለቃዬ ዋንስ «ቀላል ነው» አለና
መድረኩን በጣቱ ሳለው በአየር ላይ።

እኔ ሦስት ሳምንት በሩ ሥር ተቀመጥኩ፣
ምንም ሳላቅድ፣ ሰው እየቆጠርኩ።
ጎደሊቭ የሚሏት፣ ሰማንያ ያለፈች፣
አሥር እርምጃ ቀርቶ ዞራ ትሄዳለች፦
ሦስት መቶ አርባ፣ እስከ አውቶቡሱ።
ሁለቴ ታርፋለች፣ ሲያጥራት ትንፋሹ።
ከወዲያ ዱርሙሽ በመስኮቱ ያያል።
አንድ ማሽን ላይ ነው የሠሩት በፈረቃ፤
እሷ ማታ ያቆመችውን ክር
እሱ ሌሊት ይቀጥል ነበር።

ሜትሬን አውጥቼ ሁለት ነገር ለካሁ።
አንዱን ለዋንስ ነገርኩ፣
አንደኛውን ዋጥኩ።

ጥሪው አንድ መስመር ነበር፦
«ቅዳሜ በአሥር ሰዓት፣ ከየቤታችሁ ወንበር።»
መድረክ የለ፣ ማጉያ የለ፣ ንግግር ቀረ፤
ዋንስ ጭንቅላቱን ይዞ ተማረረ።

መጡ። ያልመጣ የለም፣ ለጉድ ነው የሚመጣው።
የኩሽና በርጩማ፣ የባሕር ዳር ታጣፊ፣
ፒያኖው የተሸጠበት የፒያኖ ወንበር፣
አንድ ልጅ የመኪና መቀመጫ
ቀበቶውን መሬት ላይ እየጎተተ።
የዛገው ቁልፍ በመጋዝ ተቆርጦ
በሩ ግማሽ ብቻ፣ እያቃሰተ፣ ተከፈተ።
ወንበር በወንበር ላይ፣ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ።

ከዚያ የጎደሊቭ መጣ፣
የሟች ባሏ ባለ ክንዱ፣ አራት ሰው ተሸክሞት።
በሩ ላይ ቆመ። በአራት ጣት ጠበበው።
«ይዙርና ይምጣ» አለ አንድ ድምፅ።
እሷ ምንም አላለች። ያን መንገድ ታውቀዋለች።

ዱርሙሽ ተነሣ። ገባ። መፍቻ ይዞ ወጣ።
ማጠፊያው ሥር ተንበረከከ፣ ጉልበቱ እየጮኸ፦
«ወንበሩ ምን አጠፋ?
ይነሣ ካላችሁ፣ የሚነሣው በሩ ነው።»

ምን ተወራ? ብዙውን አላስታውስም።
ስለ ወገብ ሕመም። ስለተበጠሰ ክር።
አንዱ «ብስክሌቱ ቀይ ነበር» አለ፤
ሌላው «አረንጓዴ» ብሎ ማለ፤
ባለቤቷ ራሷ
ቀለሙ ጠፍቷት ሳቀች።

ቃሉን እዩትማ፦ ወንበር።
የፊቱን አንሡለት፣ የሚቀረው በር።

እንግዲህ ልናዘዝ። ያን ሁለተኛ ልኬት
የወሰድኩት ቤቷ ነው፣
ብስኩት ልታመጣልኝ ጓዳ ስትገባ፣
ክንድ ከክንድ፣ በዚያ ወንበር ላይ።
እንደማያልፍ አውቅ ነበር።
ተንኮል ነው ካላችሁኝ አልክድም።
ግን መፍቻ እንዳለው አላውቅም፤
እንደሚነሣም አላውቅም።
እኔ ያሰናዳሁት አራት ጣት ጉድለት ነው፣
የቀረው የእነሱ ነው።

ዋንስ ቅጽ ሰጠኝ፦ «ከአንድ እስከ አምስት፣ ስንቱ ረካ?»
ሣጥኖቹን ትቼ ከታች ጻፍኩ፦
ሦስት መቶ አርባ የነበረው አሥር ሆኗል።

በሩ እዚያው ግድግዳ ላይ ተደግፏል፤
አንድ ሰው ባቄላ ተክሎበት
ሐረጉ ብረቱን ጨብጦ ወጥቷል።
ዱርሙሽ «መስኮቴን ጋረደኝ» እያለ ያጉረመርማል።
«ቁረጠዋ» ትለዋለች፣
ወደ አውቶቡሷ ስታልፍ።
አይቆርጠውም።